አራተኛው ገመድ

ጀልባውን በሰንሰለት እንስቀለው ያሉት እነሱ ናቸው፤ በገመድ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ከሁሉ በፊት የማስቀምጠው ሌላ ሰው ሲያወራው ስለሚያጣምመው ነው።

የድሮውን የጨው መጋዘን የወደባችን የታሪክ ቤት ሊያደርጉት ሲነሱ አንድ የተማረ ወጣት ኃላፊ አድርገው ሾሙ። ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ፕሮግራም» ነው የሚለው፣ ከአፉ የማትጠፋ ቃል እሷ ናትና። ፕሮግራም የድሮ ፎቶ ሰበሰበ፣ የድሮ ሚዛን ሰበሰበ፣ የወደቡን ትልቅ ደወል ከወደቀበት አንስቶ አስወለወለ። በመጨረሻ የእኛን ጀልባ አየና ልቡ ሄደ። ከጣሪያው ሥር ይሰቀል፣ ሰው ሲገባ አንጋጦ ይየው አለ።

የእኛ የምለው ጀልባ ሠላሳ ዓመት ሰውና ዕቃ ሐይቁን ያሻገረ ነው። የሠራው አናጢው ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የቀዘፈውና የመራው ባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ገመዱ ሁሉ የእኔ እጅ ነው። ወደቡ ላይ ወስፌ ይሉኛል። ፊት ለፊቴ ሲሆኑ በመሣሪያዬ ነው ይላሉ፤ ከጀርባዬ ግን በምላሴ ነው። ሁለቱንም አልጠላሁም።

ስብሰባው ላይ ኢንጂነሩ ተነሣና «ለደኅንነቱ ሰንሰለት ነው የሚያዋጣው» አለ።

«ሰንሰለት ለውሻ ነው» አልኩት። «ይህ ጀልባ ሠላሳ ዓመት በእኔ ገመድ ታስሮ አድሯል። አንድ ሌሊት ያመለጠ እንደሆነ ንገረኝ! አንተ ያን ጊዜ ንፍጥህን መጥረግም አታውቅም ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኢንጂነሩ ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ። ሰው ከሳቀ በኋላ ክርክር የለም፤ በዚህ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ያሸነፍኩት። በገመድ ይሁን ተባለ፣ የገመዱም ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

የቃጫ ገመድ ከሦስት እግር፣ ከሦስት ቀጫጭን ገመድ ማለቴ ነው፣ የሚገመደው። ጫፉ ላይ ለመንጠቆ ቀለበት ለማውጣት እግሮቹ ይፈታሉ፣ ገመዱ ይታጠፋል፣ ከዚያ እያንዳንዱ እግር በወስፌ እየተከፈተለት በራሱ በገመዱ ሆድ ውስጥ ይሾልካል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ እስከ አምስት። አምስት ጊዜ የሾለከ ገመድ ይበጠስ ይሆናል እንጂ አይፈታም። እናቴ ይህን ያስተማረችኝ እጄን በወስፌው ጀርባ እየመታች ነው። ጨርሼ ከመረመርኩት በኋላ በላዩ ቀይ ክር እጠመጥማለሁ። ቀዩን ክር ያየ የወደብ ሰው የማን ሥራ እንደሆነ አይጠይቅም።

ሦስቱን ገመዶች እንደ ወጉ ሠራሁ። አራተኛው ላይ ሦስተኛውን ዙር አሾልኬ ወስፌውን ለአራተኛው ሳስገባ የቀኝ እጄ ጣቶች እንደ ደረቀ ሥር ተቆላለፉ። ለብ ባለ ውኃ ነከርኳቸው። አሸኋቸው። ሰደብኳቸው። እምቢ አሉ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ያደርጉኝ ነበር፤ ቀን አድርገውኝ ግን አያውቁም። በሩን ዘጋሁና ብቻዬን ከገመዱ ጋር ተፋጠጥኩ። ልጄን ብጠራት ለጎረቤት ትነግራለች፣ ጎረቤት ለወደቡ፣ ወደቡም «ወስፌ እጇ አለቀ» ይላል። ያ ኢንጂነር ደግሞ ሰንሰለቱን ተሸክሞ ይመጣል።

አሥራ አንድ ዓመት ፀሐይ ላይ የደረቀ ጀልባ ቀላል ነው፤ ሦስት ይበቃዋል አልኩ። ትርፉን እግር ቆረጥኩ፣ ቀይ ክሬን ከሌሎቹ ጋር እኩል አድርጌ ጠመጠምኩበት። ከውጭ ለሚያይ አራቱም መንትያ ናቸው። አራተኛው ከኋላ በስተቀኝ እንደተሰቀለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስለ ደወሉም ልናገር። ድሮ የወደቡ ደወል ሦስት ጊዜ ከተመታ ሐይቁ ላይ ጀልባ ተቸግሯል ማለት ነው። ሁሉም የያዘውን ጥሎ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ግን አይሮጥም። ከመጋዘኑ በር እስከ ውኃው ያለው የድንጋይ ደረጃ ቁልቁለት ነው። በእናቴ ዘመን ደወል ሰምተው እየተጋፉ የወረዱ ሰዎች ጀልባው በደኅና ሲገባ እነሱ ደረጃው ላይ ተረጋግጠው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ልጅ ከፊት ይሆናል፣ እጅ በፊተኛው ሰው ትከሻ ላይ፣ አፍ ዝግ፣ እርምጃ በእርምጃ። ፕሮግራም ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። በምረቃው ቀን የልጆች የመዝሙር ቡድን እንዲያሳየው አለና ሥርዓቱን እንዳስተምራቸው ለመነኝ። ሁለት ሳምንት አስተማርኳቸው። ሃያ አራት ናቸው፤ የልጅ ልጄ ድንቢጥም አለችበት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ድምፅዋ ከአካሏ ይበልጣል። በዝግጅቱ መጨረሻ ከንቲባው ደወሉን ይመታሉ፣ ልጆቹ ይወጣሉ፣ ሰው ይከተላል፣ ውኃው ዳር ፎቶ እንነሣለን፤ ነገሩ እንዲህ ነበር የታቀደው።

የምረቃው ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ግጥም ብሎ ሞላ። ሦስት መቶ ሰው አያንስም። ሦስት በር ካለው ቤት ሁለቱን ፎቶ በተለጠፈበት ሰሌዳ ዘግተውታል፤ ክፍት የነበረው ወደ ውኃው የሚወርደው ብቻ ነው። ጀልባው በሁለት ሰው ቁመት ላይ ተንጠልጥሏል። ልጆቹ ልክ ከሥሩ በእንጨት መድረክ ላይ ተደርድረዋል። «ፎቶው ያምራል» ብሎ እዚያ ያቆማቸው ፕሮግራም ነው። ድንቢጥ ከፊተኛው ረድፍ መሃል ሆና ትጠቅሰኛለች። እኔ ጥግ ላይ፣ ደወሉ አጠገብ ተቀምጫለሁ።

ከንቲባው ንግግር እንደጀመሩ እግሬ ሥር ያለው ድንጋይ ማብረቁን አየሁ። ርጥብ ነው። ጽዳቷ ሴትዮ መወልወያዋን ታቅፋ አጠገቤ ቆማለች።

«ምን ፈስሶ ነው?» አልኳት።

«ኧረ ተዪኝ እማማ! ከጠዋት ጀምሬ ስወለውል ወገቤ ተቆረጠ። ጣሪያው ያፈሳል መሰለኝ።»

«ሳይዘንብ?»

«እኔ ምን አውቄ። ብቻ ተመስገን ነው፣ ከምሳ በኋላ ቆመልኝ።»

ቆመልኝ ስትል ቀና አልኩ። ወትሮ አመድ የመሰለው የጀልባው ሆድ ጠቁሯል። ርጥብ እንጨት ሸተተኝ፤ ያን ሽታ እንቅልፍ ውስጥ ሆኜም አውቀዋለሁ።

ጀልባ ለረጅም ጊዜ ከውኃ ከራቀ ሳንቃው ይኮማተርና በየመሃሉ ይከፈታል። የወደብ ሰው እንዲህ ያለውን ጀልባ እንዲሁ ሐይቅ ላይ አይጥለውም፤ መጀመሪያ ውስጡን ውኃ ይሞላዋል። መጀመሪያ እንደ ወንፊት ያፈሳል። ከዚያ ሳንቃው ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይገጥማል፣ ማፍሰሱም ይቆማል። መሬት ላይ ላለ ጀልባ መልካም ነው። አየር ላይ ለተንጠለጠለ ግን ማፍሰሱ ቆመ ማለት የተቀዳው ውኃ ሁሉ ውስጡ ቀረ ማለት ነው።

ይህን የሚያደርግ ሰው አንድ ብቻ ነው። ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁት። ዋርሳዬ ምሰሶ ተደግፎ፣ የሠርግ ኮቱን ለብሶ፣ አንጋጦ ፈገግ ብሏል። ባሌን ከቀበርን ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገርንም። «ወንድሜን ሞት ወሰደው፣ ጀልባዬን ግን አንቺ በፀሐይ ገደልሽው» ብሎኝ ነበር፤ ጀልባው ደጃችን ላይ ተገልብጦ መቅረቱ ነው ለእሱ ግድያው። በአንድ ግቢ እየኖርን ጨው እንኳ የምንዋዋሰው በልጆች በኩል ነው። ሰው እየገፋሁ ሄድኩ።

«አንተ! ምን አደረግህ?»

ደነገጠ። «ዛሬ ከየት ፀሐይ ወጣ? እኔን ነው?»

«ጀልባው ውስጥ ውኃ አለ።»

«ይኖራላ!» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሎት። «ትናንት ከሥር ሆኜ ሳየው በሳንቃዎቹ መሃል ጣሪያው ይታየኛል፣ እትዬ። አገር ሁሉ አንጋጦ የእኔን ሥራ ሊያይ! ወንፊት ሠራ ሊሉኝ! በማለዳ መጥቼ ከሰገነቱ ላይ የውኃ ጎማ ለቀቅሁበት። አሁን እይው፣ አንድ ጠብታ ጠብ አይልም። አንቺ የገደልሽውን አስነሣሁት።»

«ጎማውን ዘግተኸዋል?»

«ምኑን?»

«ጎማውን!»

እጁ ቀስ ብሎ ወደ አፉ ሄደ። «ቀስ እያለ ይውረድ ብዬ ነበር . . . ተመልሶ እንዳይደርቅ . . .»

ቀና ብለን አየን። ከሰገነቱ ላይ ትልቁ የጨርቅ ማስታወቂያ ተዘርግቷል፤ ከኋላው የጎማው ጫፍ ጀልባው ውስጥ ገብቶ ይታያል። በዚያች ደቂቃም እየቀዳ ነበር።

«ምን አለበት፣» አለ ዋርሳዬ ራሱን ሲያጽናና። «ገመዱ ያንቺ ነው። ያንቺ ገመድ ደግሞ ተፈትቶ አያውቅም።»

ሊያሾፍብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አላሾፈም። አሥራ አንድ ዓመት የጠላኝ ሰው ከልቡ ነው የተናገረው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ ሦስት ነው ያሾለክሁት ልለው፤ አልወጣ አለኝ።

«ሂድ ዝጋው» ብቻ አልኩት።

«ቧንቧው ያለው ጓሮ ነው፣ ዙሪያውን መሄድ አለብኝ፣ ቁልፉም ዘበኛው ጋ . . .»

«ሂድ አልኩህ፣ እግርህ እስኪነቀል ሩጥ!»

ሄደ። እኔ አራተኛውን ገመድ አየሁ። ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዝብኛል፣ ሩቁን ግን እንደ ጭልፊት ነው የማየው። ቀዩ ክር ገመዱ ከሚታጠፍበት ቦታ ተጠግቶ ነበር የታሰረው። አሁን አንድ ጣት የሚያህል ርቋል። እግሮቹ ከሆዱ እየተሳቡ ነው።

ወደ ፕሮግራም ሄድኩ። መድረኩ ጎን ወረቀቱን ይዞ፣ በከንቲባው ንግግር ላይ ራሱን ይነቀንቃል።

«ልጆቹን ከዚያ አንሣቸው» አልኩት። «ጀልባው ውኃ ሞልቷል፣ ይከብዳል።»

«እማማ፣ እባክዎ ይቀመጡ፣ ክቡር ከንቲባው እየተናገሩ ነው።»

«ዋርሳዬ ነው የሞላው። በጎማ!»

ፈገግ አለ፤ የተማረ ሰው ያልተማረን ሰው የሚታገሥበትን ፈገግታ። «እማማ፣ ባለፈው ሳምንት እሳቸው መጥተው እርስዎ ምስማር ነቅለውብኛል አሉኝ። ከዚያ በፊት እርስዎ መጥተው እሳቸው ገመድዎን ረግጠዋል አሉኝ። ዛሬን ብቻ ጠባችሁን ይተዉልኝ፤ ነገ ሁለታችሁንም እሰማለሁ።»

«አንተ ደደብ፣ ቀና ብለህ እይ!»

ቀና ብሎ አየ። የሚያምር ጀልባ አየ፣ ሌላ ምን ያያል? «ከከንቲባው በኋላ ገና አራት ተናጋሪ አለን፤ ፕሮግራሙን አያበላሹብኝ» ብሎ ፊቱን አዞረ። የእኔና የዋርሳዬ ጠብ በወደቡ ላይ የታወቀ ቀልድ ነው። በዚያ ቀልድ ምክንያት አሁን የሚያምነኝ አጣሁ።

ክሩ ሁለት ጣት ርቋል።

ልጩህ? ወደቀባችሁ ብዬ ብጮህ ሦስት መቶ ሰው በአንድ በር፣ ከበሩ በኋላ ያ ደረጃ። ልጆቹ ትንንሾች ናቸው፤ ጀልባው ቢምራቸው ሰው ይረግጣቸዋል። ድንቢጥን ብቻ ጎትቼ ላውጣት? እውነቱን ልናገር፣ አሰብኩት። እግሬም ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሄዷል። ግን አጠገቧ ያለችው የጎረቤቴ ልጅ አየችኝና ሳቀችልኝ። ከፊት ጥርሶቿ ሁለቱ የሉም። ተመልሼ ወደ ደወሉ ሄድኩ።

ጎትቼ መታሁት። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ከንቲባው ቃላቸውን ሳይጨርሱ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ከታዳሚው መሃል የድሮ የወደብ ሽማግሌዎች ሳያስቡት ብድግ አሉ፤ ያ ድምፅ ጉልበታቸው ውስጥ ነው ያለው። ልጆቹ ላይ ስመለከት ድንቢጥ እጇን ከጎኗ ያለችው ልጅ ትከሻ ላይ አሳርፋለች። ሌሎቹም ተከተሉ። ሁለቱ ከመድረኩ ወረዱ።

«ገና ነው! ገና ነው!» ፕሮግራም እጁን ዘርግቶ ሮጠ። «ልጆች፣ ባላችሁበት ቁሙ! ተሳስቶ ነው!»

ልጆቹ ቆሙ። የወረዱት ሁለቱ ተመለሱ። ያስተማርኳቸው እኔ፣ የሚታዘዙት ለእሱ።

«ወስፌ ዛሬም ጀመራት!» አለ አንዱ ከኋላ። «ከንቲባውንም ወጋቻቸው!» አለ ሌላው። ቤቱ ሳቀ፣ የቆሙትም ሽማግሌዎች አፍረው ተቀመጡ። በሰው ሳቅ ስንት ክርክር አሸንፌአለሁ፤ ያ ሳቅ ዞሮ እኔኑ አሸነፈኝ።

ፕሮግራም ለሕዝቡ እየሳቀ ክርኔን ያዘ፤ ሊያስቀምጠኝ ነው። ያኔ ከሳቁ በላይ ሰማሁት። ገመድ ሊፈታ ሲል እንደ ሽማግሌ ጉልበት ይንቋቋል። ሌላ ማንም አልሰማም፤ ሌላ ማንም ዕድሜውን ገመድ ሲያዳምጥ አልኖረም። ሦስት ጣት።

ከረቫቱን ይዤ ጆሮውን ወደ አፌ ጎተትኩት።

«ስማኝ። አራተኛውን ገመድ አበላሽቼዋለሁ። አምስት ጊዜ ይሾልካል፣ እኔ ሦስት ጊዜ ነው ያሾለክሁት። እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ አፈርኩ፣ በክር ሸፈንኩት። ኢንጂነሩ ልክ ነበር። ልጆቹ ላይ ይወድቃል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ እንደ ጨርቅ ወረደ።

ይህ ልጅ ሁለት ዓመት ያውቀኛል። ሲያውቀኝ ተሳሳትኩ ስል ሰምቶ አያውቅም፤ የወደቡም ሰው ሰባ ሦስት ዓመት አልሰማም። ውኃ አለ ስለው ጠብ ነው ብሎ ናቀኝ። ደወል ስመታ ጃጀች ብሎ ሳቀብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ስለው ግን ሌላ ማስረጃ አልጠየቀም።

ማይኩን ከከንቲባው እጅ ወሰደ። ድምፁ፣ ልመርቀው ይገባል፣ አልተንቀጠቀጠም።

«ክቡራትና ክቡራን፣ በፕሮግራማችን ላይ ትንሽ ለውጥ አለ። ደወሉ ተመትቷል። አሁን ሁላችንም እንደ ድሮ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ልጆችን አስቀድመን፣ እጃችንን ትከሻ ላይ አድርገን፣ ሳንነጋገር ወደ ውኃው እንወርዳለን። ልጆች፣ እማማ እንዳስተማሯችሁ።»

ከንቲባው «ደወሉን የምመታው እኔ አልነበርኩም እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። ጽዳቷ ሴትዮ እጇን ትከሻቸው ላይ አድርጋ ወደፊት ገፋቻቸው።

ልጆቹ ከኋለኛው ረድፍ ግራ ጫፍ ጀምረው መውረድ ያዙ። እኔ መድረኩ ጠርዝ ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አትሩጡ ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ አሁን ልቤ ሩጡ፣ ሩጡ ይላል፣ አፌን ነክሼ ይዣለሁ። ስምንት። ዘጠኝ። አንዷ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈታባትና ጎንበስ አለች፤ ሰልፉ ሁሉ ከኋላዋ ቆመ። ባሌ ሠላሳ ዓመት የቀዘፈበት ሐይቅ የዚያችን ልጅ ማሰሪያ ያህል አልረዘመም። አሰረችው፤ በሁለት ቋጠሮ፣ በጥንቃቄ፣ እኔው እንዳሳየኋት። አሥራ ሁለት። አሥራ አምስት። አንገቴ ላይ ውኃ ጠብ አለ። ጀልባው ወደ ኋላ ማዘንበል ጀምሮ በጠርዙ እየፈሰሰ ነው። ሃያ። ድንቢጥ ከፊተኛው ረድፍ ስለሆነች ከመጨረሻዎቹ ሆናለች። ሃያ ሁለት። አጠገቤ ስትደርስ እንደ ደንቡ አልተናገረችም፤ ዓይኗ ግን ወደ ላይ ሄደ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ። የገመድ ሠሪ ዘር ናትና ገባት።  እጇን ግን ከትከሻው ላይ አላነሣችም። ሃያ አራት።

ሰው ከኋላቸው ፈሰሰ። ያ ሁሉ ሲስቅ የነበረ ሰው እጅ በትከሻ፣ አፍ ዝግ። የሚሰማው የጫማ ድምፅና የገመዱ መንቋቋት ብቻ ነበር። አሁን ሌሎቹም ሰምተውታል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ ግን ማንም አልሮጠም። የመጨረሻው ሽማግሌ ደፉን ሲሻገር ፕሮግራም እጄን ያዘኝ።

«እማማ፣ እንውጣ!»

«ቆይ። ሥራዬን ልየው።»

ብዙ አላስጠበቀኝም። ቀዩ ክር ተተረተረ፣ ሦስቱ እግሮች አንድ በአንድ ከገመዱ ሆድ ወጡ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ጅራፍ ጮኸ። የጀልባው ጀርባ ወረደ። ውኃው እንደ ግድግዳ ቆሞ መድረኩ ላይ ወደቀ፤ ወንበሮቹን ጠርጎ ምሰሶው ላይ ከመራቸው። የጀልባው ጭራ መድረኩን መሃል ለመሃል፣ ልጆቹ በቆሙበት ላይ፣ ሰነጠቀው። ሌሎቹ ሦስት ገመዶች ጮኹ፣ ተወጠሩ፣ ያዙ። ጀልባው እንደተጠመደ ዓሣ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ዋርሳዬ ከእግር እስከ ራሱ ርሶ በሩ ላይ ደረሰ። «ዘጋሁት!» አለና ቀና አለ። ጀልባውን አየ፣ መድረኩን አየ፣ ባዶውን የቀረውን መንጠቆ አየ። 

«ያንቺ ገመድ . . .» አለ።

«ሦስት ነው ያሾለክሁት።»

መጥቶ ቀኝ እጄን አነሣ። ጣቶቼን እንደ ሳንቃ አገላብጦ መረመራቸው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው ክረምት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ግቢ አይደለን እንዴ?»

«አንተስ ጀልባዬ ብርሃን ያሳልፋል ብለህ ነግረኸኛል?»

እጄን እንደያዘ ወደ በሩ ዞረ። 

ወደ ውጭ ወጣን። ሰው ሁሉ ከደረጃው እስከ ውኃው ዳር ቆሞ ወደ ላይ ወደ እኛ ያያል። ድንቢጥ ሮጣ መጥታ ቀሚሴ ውስጥ ገባች። ከንቲባው «ምንድን ነው የተፈጠረው?» አሉ። ለብቻቸው ልነግራቸው እችል ነበር፤ ፕሮግራምም በዓይኑ እንደዚያ እንዳደርግ ለምኖኛል። ግን እኔ ሰውን በአደባባይ ስሰድብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የራሴን ጥፋት በጆሮ ማንሾካሾክ አልወድም።

«ገመዱን ያጎደልኩት እኔ ነኝ» አልኩ፣ ውኃው ዳር ያለው እንዲሰማ አድርጌ። «እጄ ታሟል። ደበቅሁ። ኢንጂነሩንም በከንቱ አዋረድኩት።»

ማንም አልሳቀም።

«ውኃው ግን የእኔ ነው!» አለ ዋርሳዬ ከኋላዬ። «ውኃ ባልሞላበት ኖሮ ሦስቱም ዙር ይይዘው ነበር!»

«አንተ ደግሞ ጥፋት እንኳ ለብቻዬ አትተውልኝም?»

«ድርሻዬን አልለቅም!»

ያኔ ሳቁ። ድንቢጥ ብቻ ፊቷን ከቀሚሴ አላወጣችም። ኢንጂነሩ ከሰዉ መሃል ነበር፤ ወደ እሱ ወርጄ «ሰንሰለትህን አምጣ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ንፍጥ ያልኩትን አላነሣብኝም፤ እኔ ብሆን አነሣ ነበር።

ጀልባው አሁን በሰንሰለት ተሰቅሏል። አያምርም፤ ግን ይይዛል። ከሥሩ የሚቆም ሰው የለም፣ አጥር ተደርጎለታል። ያ የወለቀው ገመድ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ደወሉ አጠገብ ተቀምጧል። ፕሮግራም ከሥሩ «በውኃ ክብደት የተበጠሰ የጥንት ገመድ» ብሎ ሊጽፍበት ነበር። ሊያከብረኝ ፈልጎ ነው።

«አልተበጠሰም» አልኩት። «ተፈታ። ይለያያል። የጥንትም አይደለም፣ የዚህ ዓመት ነው። እኔ የምልህን ጻፍ።»

ጻፈ። «አምስት ጊዜ መሹለክ ሲገባው ሦስት ጊዜ ብቻ የሾለከ። የሠራችው ወስፌ።» አጠገቡ ከሌሎቹ ሦስት ገመዶች አንዱን አስቀመጥን፤ ልጆች አምስቱን ዙር ቆጥረው ልዩነቱን እንዲያዩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ጽሑፉን አስነብባለሁ፣ ማንም ለዝናዬ አዝኖ እንዳያሳምረው። ድንቢጥ ናት የምታነብልኝ። ወስፌውንም ይዛ ትመጣለች፤ እስካሁን ሁለተኛው ዙር ላይ ከልክ በላይ ታጠብቃለች፣ እጇን ግን አልመታትም።

ዋርሳዬም ይመጣል። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያንጋጥጣል። ጀልባው ደርቋል፣ ሳንቃዎቹ ተከፍተዋል፣ ከሰዓት በኋላ ብርሃን በየመሃላቸው ገብቶ ወለሉ ላይ መስመር መስመር ይሠራል።

«ይታያል አይደል?» ይለኛል ሁልጊዜ።

«ይታያል» እለዋለሁ። «ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ መስሏል።»

«አንቺን ነው የመሰለው» ይለኛል። አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን፤ ደረጃው ላይ እጁን ትከሻዬ ላይ ያደርጋል።